የተቆላ ገብስ ጠረን

ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ አደላ። መስኡዳ ማማሰያውን ይዛ ከብረት ምጣዱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ገብሱ እየጠቆረ ነው። መጥቆርማ አለበት፤ የሰርግ መጠጡ ቀሪቦ ከነጣ ገብስ አይጠመቅም። ግን የቱ ላይ ነው የሚበቃው? ወጥ ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም። አንዴ አማሰለችና ትንሽ ይቆይ አለች በልቧ።

«እማ! አረረ እኮ!»

ልጇ ኢቲሳም ከጓሮ እየሮጠች ገባች። ምጣዱን በሻሿ ጫፍ ይዛ ከከሰሉ ላይ አወረደችውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጭሱን አመሰቃቀለው። ገብሱ ከሰል ሆኗል።

«ምን ሆነሽ ነው? ውጭ ድረስ ይሸታል።»

«ከሰሉ ነው፤» አለች መስኡዳ ቀና ሳትል። «የዘንድሮ ከሰል እሳቱ ምሕረት የለውም።»

 ኢቲሳም ያረረውን ገብስ ልትደፋ ከነምጣዱ ይዛ ወጣች።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ኒካህ ያለበት ቤት ሁሉ የመስኡዳን ደጅ ያውቀዋል። ትልቅ ጋን የላትም፣ በርሜል የላትም። ገብሱን በብረት ምጣድ ቆልታ፣ በወጥ ድስት አፍልታ፣ በነጠላ አጥልላ፣ ስኳርና እርሾ ጨምራ በጀሪካን ታሳድረዋለች፤ አንዱን ድስት አውርዳ ሌላውን ትጥዳለች። ሰው ምስጢሩን ሲጠይቃት ትስቃለች። ምስጢሩ አፍንጫዋ ነበር። ገብሱ ራሱ አሁን አውርጂኝ ይላታል፤ ታወርደዋለች፤ በቃ።

ባለፈው ክረምት ይዟት የነበረው ትኩሳት ሲለቃት ግን ሽታ የሚባለውን ነገር ይዞባት ሄደ። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። በርበሬ አሸተተች፣ ጤናዳም በጣቶቿ አሽታ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፤ ምንም። ለማንም አልተናገረችም። ጠማቂ ሆኖ አፍንጫዬ ሞተ ብሎ ለማን ይነገራል? ሰርግ ያለባቸው ሲመጡ ጉልበቴን አሞኛል እያለች መለሰቻቸው። የራሷን ልጅ ሙሽራዋን ግን በምን ትመልሳት?

ይህንንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሌላ ነው። ኢቲሳም ከኩዌት የመጣች ቀን፣ መናኸሪያው ላይ፣ ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀቻትን ልጅ አንገቷ ሥር ገብታ ስባ አሸተተቻት፤ በሕፃንነቷ እንደምታደርገው። አየር ብቻ ገባ። እቅፏ ውስጥ ያለችው ሴት የሌላ ሰው ልጅ መሰለቻት። አለቀሰች፤ ያያት ሁሉ የደስታ ነው አለ።

ጎረቤቷ ኡሙሀኒ ስልኳን እንደያዘች ብቅ አለች።

«መስኡዳ፣ የሙሽራው የኢምራን ሰዎች ከውጫሌ ደውለው ነው። ለሰርጉ ማልትና ለስላሳ በአይሱዙ እንጫን ወይ ይላሉ። አንቺ እንዳትደክሚ ብለው ነው እንጂ ክፋት የላቸውም።»

መስኡዳ አላህ በር የከፈተላት መሰላት። ማልቱ ይምጣ፤ ሰው ይጠጣ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ሰርጉ ይለፍ።

«ይጫኑ በያቸው፤» አለች። «ቀሪቦው ይቅር። እኔም ደክሞኛል።»

ኡሙሀኒ ልትደውል ስልኳን ከፈተች። ዞር ስትል ኢቲሳም ባዶውን ምጣድ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«እስቲ ቆይ አትደውዪ፣ ኡሙሀኒ፤» አለች ኢቲሳም። «እኔና እማ እንነጋገር።»

ብቻቸውን ሲቀሩ ምጣዱን አስቀምጣ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። የምትቆጣ መስሏት መስኡዳ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ሽቶው፤» አለች ኢቲሳም በቀስታ።

«የምን ሽቶ?»

«ያመጣሁልሽ። ወደ አፍንጫሽ ጠጋ አድርገሽ ‹ማሻአላህ፣ እንዴት ያውዳል› አልሽኝ። ላስቲኩ እኮ አልተቀደደም ነበር፣ እማ።»

መስኡዳ ልትስቅ ሞከረች። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ፈልጎ ያዘ፤ አጣጠፈው፤ ፈታው።

«አንቺንም አጣሁሽ፤» አለች ድምጿ እየሰለለ። «መናኸሪያው ላይ አቀፍኩሽ፤ ወላሂ ምንም የለም። ልጄ ናት እያልኩ በዓይኔ ነው ያመንኩሽ።»

ኢቲሳም የእናቷን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ስትናገር ያለችው ነገር መስኡዳ የጠበቀችው አልነበረም።

«እኔ እኮ ቀሪቦ ጠምቄ አውቃለሁ።»

«የት?»

«እዚያው ኩዌት። ማዳሜ ከነልጆቿ ለእረፍት ስትሄድ፣ በፓስታ መቀቀያዋ። በሻሼ አጠለልኩት፤ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ክዳኑን አጥብቄው ኖሮ ፈንድቶ ግድግዳውን ሁሉ ቡናማ አደረገው!»

መስኡዳ ሳታስበው ሳቀች። «አጃኢብ! እርሾ እኮ መተንፈሻ ይፈልጋል።»

«ገብሱን የቆላሁ ቀን ደውዬልሽ ነበር። ልጠምቅ ነው አላልኩሽም፤ አገሯ ናፍቋት ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። ገብሱ ሲበቃ ምን ምን ይሸታል ብቻ አልኩሽ። ‹መጀመሪያ ውሃ የተረጨ አቧራ ይላል፤ ቀጥሎ ዳቦ ይሆናል። ከዚያ ቡና ልሁን ይልና ይተወዋል። ሲተወው አውርጂው› አልሽኝ።»

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?»

«አንቺ ነሽ።» ኢቲሳም ተነሥታ ከማዳበሪያው ገብስ ሰፈረች። «ተነሺ በይ። አንቺ አማስይ፤ እኔ አሸትልሻለሁ።»

ከሰሉ ተራገበ፤ ምጣዱ ጋለ። መስኡዳ ታማስላለች፤ ልጇ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትስባለች። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር መስኡዳ እጇን አፈጠነች፤ ይህንን ጆሮዋ ያውቀዋል።

«አቧራ፤» አለች ኢቲሳም። ቆየት ብላ፣ «አሁን ዳቦ።»

«ሊጡ ነው ወይስ ቅርፊቱ?»

«ቅርፊቱ።»

«ገና ነው።»

ጭሱ ተነሣ። 

«ቡና ሊሆን ነው… እማ፣ ላውርደው?»

«እኔን አትጠይቂኝ። ተወው?»

ኢቲሳም ዓይኗን ጨፈነች። መስኡዳ ገብሱን ትታ የልጇን ፊት አየች፤ ግንባሯ ተቋጥሯል፣ ከንፈሯ እንደሚጸልይ ሰው ይንቀሳቀሳል። እሷም ድሮ ስታሸት እንዲህ ትሆን እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም።

«ተወው!»

ምጣዱን አንድ ላይ አወረዱት።

ቀኑን እንዲያ ዋሉ። አንዷ ስትቆላ ሌላዋ ታፈላለች፤ የበረደውን ያጠልላሉ። ስኳሩን የምትመጥነው መስኡዳ ነበረች፤ ምላሷ ጣፋጩንና መራራውን አሁንም ይለያል። ኡሙሀኒ ተመልሳ ስትመጣ መስኡዳ ራሷ ነገረቻት። ኡሙሀኒ «ይሄን ሁሉ ወር ብቻሽን?» ብላ ክፉኛ ተቆጣቻት፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ከቤቷ ሌላ ድስት ልታመጣ ሄደች። ለውጫሌዎቹም ማልቱ ለሚወድ ይምጣ፣ ቀሪቦ ግን አለ ተባለላቸው።

ከአስር ሶላት በኋላ እርሾው ገባ። የጀሪካኖቹን ክዳን አላልተው በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ታች፣ ከቤቶቹ ቆርቆሮ ባሻገር፣ የሐይቁ ውሃ ወደ ወርቅነት እየዞረ ነበር።

«ውጫሌ ቅርብ ነው፤» አለች ኢቲሳም፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ቅርብ ነው።» መስኡዳ ወደ ልጇ ዞር ብላ፣ «አሁን አንቺ ምን ምን ትሸቺያለሽ?» አለቻት።

ኢቲሳም የቀሚሷን አንገት ስባ አሸተተች። «ጭስ ጭስ። ላብም አለ። ከዚያ በታች ያለውን እንጃ። ሰው የራሱን ጠረን የት ያውቃል?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ኢቲሳም ራሷን እናቷ ጭን ላይ አስደግፋ፣ «ንገሪኝ፤» አለች።

መስኡዳ እጇን ልጇ ፀጉር ውስጥ ከታ ቃል ፈለገች። ለገብስ እንደዚያ ያለ ቃል የነበራት ሴት ለዚህ ቶሎ አልመጣላትም።

«ስትወለጂ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ፀጉርሽ እርጥብ ነበር…»