በምርጫ ሰሞን የታረደ ወይፈን

ገላነሽ የምርጫ ጣቢያው ኮሚቴ አባል ስትሆን፣ ሰዉ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆነች ነው አለ። እውነትም የገባችው በዚያ ነው። ሥራውን የወደደችው ግን በሌላ ነው። ደብረ ታቦር ወስደው ደንቡን ሲያስተምሯቸው፣ «ተወዳዳሪ መራጩን አያበላም፣ አያጠጣም፤ ለቅስቀሳ ብሎም ከማንም መዋጮ አይቀበልም» የሚለው ሲነበብ አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አባቷ ርብ ዳር የነበራቸውን መሬት ያጡት በድግስ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ባላባቱ ከችሎቱ በፊት ሰንጋ ጥሎ ምስክሮቹን አበላ። እነሱም በበሉበት አፍ ምለው መሬቱ የባላባቱ ነው አሉ። ከመስካሪዎቹ አንዱ የገዛ አጎቷ ነበር። አባቷ ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት እህል ሳይቀምሱ ሞቱ። እንግዲህ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ሸንጎ እንደራሴ ሲመረጥ፣ ድግስን የሚከለክል ደንብ መምጣቱን ገላነሽ ለአባቷ እንደ ተከፈለ ካሣ ቆጠረችው።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱን የወረታ መምህር ገበሬው አያውቀውም። ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ኃላፊ ደሞዝ ነው፤ ፓርቲው ማንን እንደሚፈልግ ለመገመት የእሱን አረማመድ ማየት ይበቃ ነበር። ሦስተኛው የገላነሽ የባሏ ታላቅ ወንድም አያልነህ ነው። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ ወዲህ መሬቷን የሚያርስላት እሱ ነበር። አያልነህ ንግግር አይችልም። የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ግን ለዘመድ ሲያደላ ያየው የለም፤ ስብሰባው ላይ ስሙን የጠሩትም ከዚህ በፊት የፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ።

ግንቦት እንደገባ አያልነህ ገላነሽን ከጓሮዋ አገኛት።

«ገላነሽ፣ የእናቴ አርባ ከምርጫው በፊት ይውላል» አለ። እናቱ እማሆይ ወለተ ሐና ያረፉት በፋሲካ ማግሥት ነበር። «ደንቡ ምን ይላል?»

«ለሙት ዓመታቸው ብታደርገውስ፣ አያ?»

«እጄን ይዛ አርባዬን አታሳልፍብኝ ብላኛለች። እሺ ብያት ነው የሞተች።» ቀጥሎም፣ «እንግዲያ ከውድድሩ ልውጣ። ንገሪልኝ። እኔ ድሮም ጨንቆኛል» አለ።

በማግሥቱ ወረታ ሄዳ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለመንግሥቴ ነገረችው። መንግሥቴ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ነበር።

«ሕዝብ የጠቆመውን ሰው እኛ እንዴት እናወርዳለን? በላይ ያሉት ምን ይሉናል?»

«ተዝካሩንስ ያውጣ?»

«ተዝካር ተዝካር ነው። ድግስ ካላስመሰለው ማን ይናገረዋል?»

ይኸን ቃል ይዛ ተመለሰች። አያልነህም ቃሉን አክብሮ ቄሶቹንና የቅርብ ጎረቤቱን ብቻ ጠራ፤ ከጠላና ከሽሮ ሌላ አላሰናዳም። ግን እማሆይ ወለተ ሐና በዚያ አገር ስንቱን ልጅ አዋልደዋል፣ ወባ የጣለውን ስንቱን አስታመዋል። የተዝካሩ ዕለት ገና በጧት ሰዎች አንድ ጥቁር ወይፈን እየነዱ ወደ ግቢው ገቡ። ለእማሆይ ብለው አዋጥተው የገዙት ነበር። ውኃ ቀድታ የተመለሰችው ገላነሽ እንስራዋን ሳታወርድ ቆመች።

«አያ፣ መልሳቸው» አለችው በቀስታ።

አያልነህ ነፍስ አባቱን አባ ተክለ ሃይማኖትን አየ።

«አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ለሙት የመጣን ነገር ከደጅ መመለስ አልለመድንም፣ ልጄ» አሉ አባ። «ግን አንተ ነህ የምታውቀው።»

ሰዎቹ ወይፈኑን ይዘው ቆመዋል። አያልነህ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ «ግቡ» አለ። ወይፈኑ ታረደ። ያልተጠራው መንደር ሁሉ መጣ፣ በላ፣ እማሆይን ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ስለ ምርጫ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም።

ወሬው ግን ወረታ ደረሰ። ኮሚቴው ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። ከአውራጃው የመጣ አንድ ካድሬ ከመንግሥቴ ጎን ተቀምጧል።

«ጓድ ገላነሽ፣ ቦታው ላይ ነበርሽ?» አለ ካድሬው።

«ነበርሁ።»

«በሬ ታርዷል?»

«ወይፈን ነው። ታርዷል።»

«ማን አመጣው?»

«ጎረቤት አዋጥቶ። የእናቱ ተዝካር ነው እኮ። እንዲያውም ከውድድሩ ልውጣ ብሎ ነበር፣ መንግሥቴ ያውቃል።»

መንግሥቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቃል። ቀና አላለም።

«የጠየቅሁሽን ብቻ መልሺ። መራጮች በልተዋል?»

«በልተዋል።»

ከዚያ ገላነሽ ያልተጠየቀችውን ተናገረች። የማኅበራቱ መኪና በገበያ ቀን ከበሮና ሰው ጭኖ ለደሞዝ ሲዞር መዋሉን፣ እዚያው ወረታ ድንኳን ተተክሎ ሁለት ሰንጋ መታረዱን፣ ለዚያም ከየገበሬው ቤት በግድ እህል መዋጣቱን አንድ በአንድ ዘረዘረች። ደንቡ እንደሆነ ለሁሉም አንድ ነው አለች። ለዚህ ቀን የተፈጠረች መስሏት ነበር።

ካድሬው እስክትጨርስ ጠበቃት። «ያ የመንግሥት ቅስቀሳ ነው» አለ። «የግለሰብ ድግስ አይደለም።»

ቃሏን ጽፈው አነበቡላት። ያላለችው ነገር አልተጨመረበትም፤ ካለችው ግን ገሚሱ የለም። በመሠረተ ትምህርት የተማረችው ፊደል ነበርና ስሟን ራሷ ጻፈች። እጇ ብዕሩን የያዘው በአባቷ ነገር ተይዛ ይሁን ፈርታ ይሁን፣ ኋላ ስታስበው ለይታ ልታውቀው አልቻለችም። አያልነህ በዚያው ዕለት ከውድድሩ ተሰረዘ። በማግሥቱ ደግሞ መራጭን በድግስ ደልሏል ተብሎ ወረታ ታሰረ።

በምርጫው ቀን ገላነሽ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። ለአያልነህ የደረሰው ምልክት ቀጭኔ ነበር። ቀጭኔ ምን እንደሆነ በፎገራ ሜዳ የሚያውቅ ስላልነበረ ሰዉ «አንገተ ረጅሙ» ይለው ነበር። ሽማግሌዎች እየገቡ፣ «አንገተ ረጅሙ የታል፣ ልጄ?» ይሏታል። «ወጥቷል» ትላለች። ወረቀቱን እንደያዙ ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ በፊታቸው ያገኙት ላይ ምልክት አድርገው ይወጣሉ። ደሞዝ አሸነፈ።

ዝናቡ ከበደ። የዳጉሳው ጊዜ አለፈ። የአያልነህ ማሳ ጦሙን አደረ፤ የገላነሽም እንደዚያው። ሚስቱ ይርገዱ በጭቃው ወረታ እየተመላለሰች ስንቅ ስታቀብል ከረመች። ገላነሽ እንሂድ ስትላት፣ «መንገዱ ይከብድሻል» ብላ ብቻዋን ትሄዳለች።

ነሐሴ ውስጥ ፈቱት። ክስ የለም ብለው ነው የፈቱት። ሲመጣ ግን ወባ ይዞት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነበር። መርፌም ተወጋ፣ ኪኒንም ዋጠ። ሳይሻለው ሲቀር ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይሞከር ተባለና በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት። ገላነሽ ማንም ሳይጠራት ተከትላ ሄደች፤ ሂጂ ያላትም ተመለሺ ያላትም የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ይርገዱ ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ገላነሽ ላቡን ትጠርግለት ነበር።

«አያ፣ ያየሁትን ነው የተናገርሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ብትዋሺልኝ ደስ አይለኝም ነበር።»

«ደንቡ እኮ ጥሩ ነበር።»

አያልነህ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«በአባትሽ ጊዜ ይኼ ደንብ ቢኖር ባላባቱን ይይዝልን ነበር ብለሽ ነው የወደድሽው» አለ። «አይይዘውም ነበር። አባትሽን ነበር የሚይዝ፤ ለችሎት ሲሄዱ ለመንገድ ዳቦ ያቀበላቸውን ጎረቤት ቆጥሮ።» ክፋት የለበትም አነጋገሩ፤ ሸንጎ ላይ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ከዚያ ውኃ ለመናት፣ አጠጣችው።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ተሸክመው መልሰው በማርያም አጥቢያ ቀበሩት። ለቅሶው ላይ ገላነሽ ከሴቶቹ መሃል ቆመች። ማንም አልገፋትም። ቦታ ሲለቁላት ግን ከሚገባው በላይ ሰፊ አድርገው ነበር የሚለቁላት።

ከኮሚቴውም ከሴቶች ማኅበሩም ወጣች። ምክንያት ሲጠይቋት አሞኛል አለች። መስከረም ጠብቶ ጎርፉ ከሜዳው ሲሸሽ አንድ ማለዳ ይርገዱን ከከብቶቹ በረት አገኘቻት። እዚያ እንደምታለቅስላት፣ እንደምትረግማት፣ ወይም ይቅር እንደምትላት ገምታ ለሁሉም መልስ ይዛ ነበር።

«ያኔ ወረታ ምን ብለሽ ነበር የመሰከርሽ?» አለች ይርገዱ። «ሰው ብዙ ያወራል። ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ገላነሽ ነገረቻት። ወይፈን ነው፣ ታርዷል፣ ጎረቤት አዋጥቶ፣ በልተዋል። ስለ መኪናውና ስለ ሰንጋዎቹም ያለችውን፣ ሳይጻፍ የቀረውንም ነገረቻት። መፈረሟንም አልደበቀችም። ይርገዱ አንዲት ቃል ሳታቋርጥ፣ እጇን በላሚቱ ጀርባ ላይ አሳርፋ ሰማቻት።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው፣ እታለም።»

«እሺ» አለች ይርገዱ። ጥጃውን ወደ እናቱ ለቀቀችና አጎንብሳ ማለብ ጀመረች። ገላነሽ ቀረብ አለች። ከዚያ ጥጃውን ያዘችላት።