ምስክሩ ጎማ

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። የፍሬን ሥራ ሲሠራ ሁለቱ ጎማ ባንዴ አይፈታም፤ አንዱ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተገጥሞ እስኪያልቅ ሌላው እንዳለ ይቆያል። ሞላው በየት በኩል እንደተሰካ፣ አጭሩ የፍሬን ሸራ ወደፊት ይሁን ወደኋላ ግራ የገባው ሰው ዞር ብሎ ያልተፈታውን ያያል። ሽማግሌው መካኒክ ያንን ጎማ «ምስክሩ» ይሉታል። ልጃቸው አብራቸው በሠራችበት አሥራ አራት ዓመት ይህን ሕግ ያልሰማችበት ሳምንት የለም። እንደውም ሰልችቷት፣ «አባባ፣ በቃ ገባኝ፤ ግንባሬ ላይ ልጻፈው?» ብላቸው ታውቃለች።

እንግዲህ የዚያን ቀን ረፋድ ላይ የፍሬን ዘይት ገዝታ ስትመለስ፣ የአሮጌው ጭነት መኪና ሁለቱም የኋላ ታምቡሮች፣ የፍሬኑ ከበሮ መሳይ ክዳኖች፣ ወልቀው ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። የግራው ሞላ ከቀኙ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አባቷ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው እያፏጩ በቤንዚን ያጥባሉ። ክው አለች።

ነገሩ ዱብ ዕዳ ሆኖባት አይደለም። አባቷ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ የሳቸውን ሥራ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ስታርም ከርማለች። ለምሳ ሲወጡ ጎማውን መልሳ ትፈታለች፣ የተሳሳተውን ታቃናለች፣ ሲመለሱ እጇን ታጥባ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸውም፣ «ዛሬ ምንም ሳትሠሪ ዋልሽ እኮ፣ አንቺ ሰነፍ» ይሏታል። ትስቃለች። ምን ታድርግ? አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ «እሳቸው ያልነኩትን ፍሬን አልረግጥም» ይላል። ይህን ስም ከአባቷ ላይ የምትገፈው እሷ ልትሆን?

የዛሬው ግን መላ አልነበረውም። ሾፌሩ፣ የአባቷ የአርባ ዓመት ወዳጅ፣ በሩ ጋ ያገለገለ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጭነት መጋዘን ቆሞላቸዋል፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጭነው ቁልቁለቱን መጀመር አለባቸው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ፍሬን ነው የምትሠራው ወይስ ሹራብ?» አሉ ሾፌሩ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ። ፀጉርህን የጨረሰው ይኸው ችኮላህ ነው» አሉ አባቷ።

አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን አየች። ሞላ መሳቢያውን ፒንሳ በወጣትነታቸው ከተሰበረ ባሌስትራ ራሳቸው ቀጥቅጠው ነው የሠሩት። ሌላው መካኒክ በካቻቪቴ ሲታገል ጣቱን የሚያስበላውን ግትር ሞላ፣ እሳቸው መንጠቆውን ሰክተው አንዴ ጫን ሲሉ ጠቅ ብሎ ገባ። እጃቸው አልረሳም። ለአፍታ ልቧ ደስ አለው።

ከዚያ ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ ገፍቶ የሚያጠብቀውን ጥርሳም ማስተካከያ አነሱ። ሁለቱ ማስተካከያዎች ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ ጥርሳቸው ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። የቀኙን ለግራ ገጠሙት። የግራውንም ለቀኝ። ዞረው የሚያዩት ምስክር አልነበረም።

ታምቡሩን ከደኑ፣ ጎማውን አሰሩ። ማስተካከያዋን ከውጭ የሚያዞሩባትን ጫፏ እንደ ማንኪያ የተቆለመመ ብረት፣ ሳይጠቀሙባት ሚስማሯ ላይ መልሰው ሰቀሏት። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣

«ሂድ፣ ይቆማል» አሉ።

ይህች ቃል ከሳቸው አፍ ከወጣች የትኛውም ሾፌር ሁለተኛ አይጠይቅም። ወዳጃቸው ወገባቸውን ይዘው ተነሡ፤ ቁልፉንም ከኪሳቸው አወጡ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ለኔ ይስጡኝ» አለች ልጅቷ። ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ የግራና የቀኙ ማስተካከያ ተቀያይሯል።»

«ማን ቀያየረው?»

 ያቺን ማንኪያ መሳይ ብረት ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠቻቸው። አባቷ እየሳቁ ካርቶን ላይ ተንጋለው ከሥር ገቡ፤ ከታምቡሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ብረቷን አስገብተው ሃምሳ ዓመት እንደለመዱት ወደ ታች ገፉ። እሷ ጎማውን በእጇ አዞረች። መያዝ ሲገባው ላላ። ደግመው ገፉ፤ ይብሱን ላላ። ሳቁ ቆመ። ከሥር ሳይወጡ ብዙ ቆዩ። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር የወጣውን የወዳጃቸውን ጫማ ያያሉ።

ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቷል። «ከመቼ ወዲህ ነው ከኋላዬ የምታርሚው?»

«ስድስት ወር ይሆናል።»

«ስንት መኪና?»

«ዘጠኝ።»

ወደ ወዳጃቸው ዞረው፣ «አሥረኛው አንተ ነበርክ» አሉ፤ አለቀሱም። እሷም አብራቸው አለቀሰች።

ሁሉንም ፈታ እንደገና ገጠመች። ሾፌሩ የዚያን ቀን ምንም ቀልድ ሳይናገሩ ሄዱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ፍሬኑን አንዴ ረግጠው ሞከሩት።

ከመዝጋታቸው በፊት አባቷ ቀለምና ብሩሽ አስመጡ። ፒንሳውንና ማንኪያዋን መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከተው ዘጉና ክዳኑ ላይ በገዛ እጃቸው «ይህን ሣጥን ከእንግዲህ አልከፍትም» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበትም።

«ነገ እረሳዋለሁ» አሏት። «ብትነግሪኝ ደግሞ እቆጣሻለሁ። ጽሕፈቴን ግን አልክድም።»

በማግስቱ ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው መጡ። እያፏጩ ወደ ሣጥኑ እጃቸውን ሰደዱና ቆሙ። ቀስ ብለው አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት፤ ፊርማውን በጣታቸው ነኩት።

«ልጄ» አሉ፣ «በኔ ፍሬን ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም አባባ። ማንም አልሞተም።»

«ተመስገን» አሉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

በሦስተኛውም ቀን ይህንኑ ጠየቋት።