ሳላነብላቸው ያስፈረምኳቸው

በአርባ ስድስት ዓመቴ ታሪክ ልማር ብዬ ኮሌጅ ስመዘገብ፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ያቃጭላል። “ነርስነት አለ፣ ብየዳ አለ። አንቺ የሞተ ልትቀሰቅሺ ነው እንዴ የምትማሪው?” አለችኝ አንዷ። “ከናንተ ጋር ከማወራ ከሙታን ጋር ባወራ ይሻለኛል” አልኳት። ቀልዴን ነበር። ምናለ ከሙታን ጋር ብቻ በተውኩት።

ከተማችን የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰው የሚበዛበት ቦታ ቢኖር ከወንዙ ማዶ ያለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ማንም ተመዝግቦ ይገባል፤ የቻለ ደግሞ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። እኔም የፈለግኩት ያንን ነበር፤ ፈለግኩ ማለት ያንሰዋል፣ ተንሰፈሰፍኩ። ከቤተሰባችን የዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠ የለም።

የታሪክ አስተማሪያችን ኬንድራ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ስትቆጣ ግን እናቴን ነው የምትመስለኝ። በሁለተኛው ዓመት፣ እያንዳንዳችን አንድ አዛውንት ፈልገን ያዩትን የኖሩትን በድምፅ እንድንቀዳ አዘዘችን። ከዚያ የፈቃድ ቅጽ አደለችን።

“ይህን ቅጽ ቃል በቃል ታነቡላቸዋላችሁ” አለች። “ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆንም ታነቡለታላችሁ። ታሪኩ የሱ ነው። የእናንተ ድርሻ መጠየቅ ብቻ ነው።”

ቅጹ ግርጌ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። በመጀመሪያው ላይ ምልክት ከተደረገ ቀረጻው ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፤ በሁለተኛው ላይ ከተደረገ ተናጋሪው እስኪሞት ይቆለፋል። የተቆለፈ ቀረጻ ለጸደዩ ኤግዚቢሽን አይቀርብም። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊመርጡ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ የሚያዩት ኤግዚቢሽኑን ነው።

እኔ የመረጥኩት ጎረቤታችንን ኦሬል ሚሾን ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የአባቴ የሊዮኔል የልብ ጓደኛ ነበሩ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ፣ የደጃችንን በረዶ የጠረጉልን እሳቸው ናቸው። አሁን ከጥላ በቀር አያዩም። አጎቴ ነው የምላቸው፤ ሥጋ ዘመድ ግን አይደሉም።

አባቴና እሳቸው ከጓደኛቸው ከኖርማን ጋር አድማ ላይ ነበሩ። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የፋብሪካው ሠራተኛ ሥራ አቁሞ አሥራ አራት ወር በር ላይ ቆሟል። አባቴ ቤቱን ያጣው ያኔ ነው። በኛ ከተማ አድማ ሰብሮ የገባን ሰው ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አይመታውም፤ ማዕድ ነው የሚለዩት። የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። ሲሞትም ሬሳውን አይከተሉም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው፤ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ ከማን ጋር እንደማይበላ ያውቃሉ።

በአጎቴ ኦሬል ማዕድ ቤት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የነገሩኝ፤ ብርዱን፣ በርሜል ውስጥ የሚነደውን እሳት፣ የፖሊሶቹን ፈረስ። ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ዳሰሱ።

“ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?”

“አዎ አጎቴ።”

“ይቅዳ እንግዲህ። ስሞት ይስሙት። ያኔ ቢያሙኝም አልሰማ።” ሳቁ። ሳቁና ነገሩኝ።

በአድማው በስምንተኛው ወር የሚስታቸው የሉሲል ኩላሊት ደከመ። የአድመኛው የሕክምና መድን ተቋርጧል። ፋብሪካው ግን ለሚመለስ ሰው መድኑን ይቀጥላል። “ቀን ከነኖርማን ጋር በር ላይ ቆሜ ‘ከዳተኛ’ እያልኩ እጮሃለሁ” አሉ። “ሌሊት ከዳተኛው እኔ ራሴ፣ ግንድ የጫነ መኪና ውስጥ ሸራ ተከናንቤ በጓሮ በር እገባለሁ። አሥራ አንድ ሳምንት። ሉሲል ሰባት ዓመት ተጨመረላት። አይቆጨኝም። የከበደኝ የኖርማንን ዓይን ማየት ነበር፤ ተመስገን ነው፣ አሁን ዓይኔም ጠፋልኝ።”

አለቀስኩ። ዕንባዬ እውነተኛ ነበር፤ ግን እያለቀስኩ በልቤ ‘ይሄ አንደኛ ይወጣል’ እያልኩ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ሁለቱም አብረው ሆኑ።

ቅጹን አወጣሁ። “ምን ይላል?” አሉኝ።

“የተለመደው ነው አጎቴ። ሞልቼዋለሁ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ብቻ።” ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩት።

“እንዳልኩሽ ነው አይደል?”

“እንዳሉኝ ነው።”

ፈረሙ። ምልክቱ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ነበር። ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ከቤቴ ነው ያደረግኩት፤ እዚያው ተደናግሬ አይደለም። ምስጢራቸውን ከሰማሁ በኋላም ማን ይሰማዋል ብዬ ተውኩት። ከነኖርማን ማን ወንዝ ተሻግሮ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል? ሰው ለራሱ ሲዋሽ ማስረጃ አያልቅበትም።

ኤግዚቢሽኑ ሰኞ ተከፈተ። የአጎቴ ፎቶ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠለጠለ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ሰምተው እጄን ጨበጡኝ። ኬንድራ አቀፈችኝና “አንብበሽላቸዋል አይደል?” አለችኝ። “አንብቤያለሁ” አልኳት። ረቡዕ ዕለት፣ እዚያው ኮሌጅ ነርስነት የምትማረው የኖርማን የልጅ ልጅ ማዳመጫውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው አጎቴን በመኪናዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወሰድኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ እዚያ ቦሎቄ ይበላል፤ ከአሳማ ሥጋ ጋር በሸክላ ድስት የበሰለ፣ ከጥቁር ዳቦ ጋር። የድሮዎቹ አድመኞች በመስኮቱ በኩል የራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው። የአባቴንም ወንበር እስካሁን ባዶውን ይተዉለታል።

ገና ስንገባ አየሁ። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ኖርማንና ሌሎቹ ሦስት ሽማግሌዎች ወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ከልጆች ጠረጴዛ ጎን ተጣበው ተቀምጠዋል። የአባቴን ወንበር ይዘው ሄደዋል። አጎቴን ይዤ ልመለስ ይገባኝ ነበር። እግሬ ግን የለመደውን ሄደ፤ ቦታቸው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ሳህን አመጣሁላቸው።

አልበሉም። ሰው ሳይሟላ አይጀምሩም።

“እነኖርማን ዛሬ ምን ነካቸው?” አሉ። “ቦሎቄው ቀዘቀዘ እኮ።”

“መንገድ ይዟቸው ይሆናል።”

“ምን መንገድ ይይዛቸዋል፣ ሁሉም ጎረቤት ናቸው።” ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከማዶ ኖርማን ሳሉ፤ ሲጋራ ያበላሸው ሳል ነው፣ ማንም ይለየዋል። አጎቴ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የሚቀመጡት?”

“ከዛሬ ጀምሮ።”

“ማን ነገራቸው?”

ልዋሽ እችል ነበር። ግንድ የጫነው መኪና ሹፌር ልጅ ነው፣ የድሮ መዝገብ ተገኘ፣ ምንም ማለት ይቻል ነበር። አፌ ውስጥ ተደርድረው ነበር ሁሉም።

“እኔ ነኝ” አልኳቸው። “ቅጹ እንዳሉኝ አልነበረም። ክፍት አድርጌ ነው ያስፈረምኩዎት። ካልተከፈተ ለኤግዚቢሽን አይቀርብም ነበር።”

 ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እንደ ሌላ ሰው ወሬ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ “አባትሽ ያውቅ ነበር” አሉ።

“ምኑን?”

“አይቶኛል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጓሮ በሩ ስወጣ። ሊዮኔል ቤቱን ሊያጣ የቀረው አንድ ወር ነው፤ እኔ ደሞዝ እየበላሁ። አየኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ፣ ሄደ። እስኪሞት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሆድ ይፍጀው አለ። እሱን ቀረጻው ላይ ያልተናገርኩት አውቄ ነው። ከዳተኛ ደብቋል ብለው ስሙን እንዳያነሱት።”

 እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማረው አባቴ የጠበቀውን ምስጢር እኔ በትምህርት ሸጥኩት። እሳቸው የአባቴን ስም ሲጠብቁ፣ እኔ የእሳቸውን አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና የዳንኩ መሰለኝ። ሊዮኔልን እኮ ሁሉም ያከብሩታል። እሱ ይቅር ያለውን ሰው እነሱ እንዴት ይለዩታል?

ተነሥቼ ወደነኖርማን ጠረጴዛ ሄድኩ።

“ነይ ልጄ” አሉኝ ኖርማን። ፊታቸው የደከመ ነበር። “አንቺ ምን አደረግሽ፣ ነይ ተቀመጪ። የአባትሽ ወንበር ነው።”

“አባቴ ያውቅ ነበር” አልኩ፤ ድምፄ ከሐሳቤ በላይ ጮኸ። “በዓይኑ በብረቱ አይቷቸዋል። ለሚስታቸው እንደሆነ ገብቶት ዝም አለላቸው። እሱ ዝም ካለ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?”

የሚበላው ሁሉ መብላቱን አቆመ። ኖርማን አዩኝ፤ ቀጥለው ባዶውን ወንበር አዩት።

“ሊዮኔል አውቆ ነው ከኛ ጋር በር ላይ የቆመው?” አሉ።

“አዎ።”

“እስከ አሥራ አራተኛው ወር ድረስ?”

 ኖርማን ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ያህል ራቀ። ክፋት አልነበረበትም። ልማድ ነው።

ወደኋላ ስዞር አጎቴ ኦሬል ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

“ሮክሳን” አሉኝ። “ይሄንንስ ጠይቀሽኝ ነው?”

ክንዳቸውን ልይዝ ስጠጋ ሰበሰቡት። የወንበሮቹን መደገፊያ አንድ በአንድ እየዳሰሱ ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ። በመስኮቱ ጠረጴዛ የአባቴ ወንበር የነበረበት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ቀረ፤ እነኖርማን ወስደውት ነበርና።