ባርኔጣ የማይነካ ጣሪያ

ሮስኮ ያገለገሉ መኪናዎች ወደሚሸጡበት ግቢ የገባው ከበሮ የሚያህል ክብ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። እንዲህ ያለ ሰው ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ እየተጠነቀቀ ሲራመድ ማየት ለሻጯ ለቨርዲ አዲስ ነገር ሆነባት። ከሜከን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ግቢ ብዙ ዓይነት ገዢ አይታለች፤ ካርቶን ይዞ የመጣ ግን አላየችም።

"ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ? ኬክ እንዳይሆን ብቻ፤ ልደቴ አልፏል" አለችው፣ በረዶ እያኘከች።

"ባርኔጣ ነው።"

"የማን?"

"የእናቴ። የምገዛው መኪና በእሱ ልክ መሆን አለበት።"

ቨርዲ በረዶውን ሳታኝከው ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሮስኮ እናት ኦዜላ በቤተ ክርስቲያናቸው "እናት ኦዜላ" እየተባለች የምትከበር ሴት ናት። በዚያ አገር እንደ እሷ ያሉ እናቶች እሑድ እሑድ ባርኔጣ ሳይደፉ ከሚወጡ በባዶ እግራቸው ቢሄዱ ይመርጣሉ። የእሷ ደግሞ የዋዛ ባርኔጣ አይደለም፤ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ላባው ወደ ሰማይ የቆመ ነው። አባቱ ዊላርድ በሕይወት ሳለ እሷንም ባርኔጣዋንም ይዛ የምትሄድ ረጅም አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። በጥቅምት ዊላርድ ሞተ፤ ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋም እምቢ አለች። በቀጣዩ እሑድ ሮስኮ በራሱ ትንሽ መኪና ሊወስዳት መጣ፤ ኦዜላ ጭንቅላቷን ልታስገባ ጎንበስ ብትል ባርኔጣው ጣሪያውን ገጨ። ቀና አለች።

"ባርኔጣዬ አይገባም" ብላ ወደ ቤት ተመለሰች።

በሚቀጥለውም እሑድ ያው ነው፣ በገናም ያው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እየመጡ ለመኗት፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስብከቱን በስልክ እያዳመጠች ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሮስኮን ያስፈራው ግን ከቤተ ክርስቲያን መቅረቷ ብቻ አልነበረም። እናቱ ነገር መፈለግ አቁማለች። ወፍረሃል አትለውም፤ ሸሚዝህ አልተተኮሰም አትለውም፤ ያቀረበላትን ትቀምሳለች፣ አመሰግናለሁ ትላለች፣ ዝም ትላለች። ያቺ ነገረኛ እናቱ ቀስ እያለች ከእጁ እያመለጠችው እንደሆነ ገባው። አባቱን ቀብሮ እናቱን ደግሞ ቁጭ ባለችበት ሊያጣ አልፈለገም። ስለዚህ ችግሩ ጣሪያ ከሆነ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና እገዛለሁ ብሎ ተነሳ። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ሐዘንንም በሜትር ከለኩት መላ የሚያገኙለት ይመስላቸዋል። የሚወዳትን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን ሸጠ፤ ለፋሲካ እናቴን ባርኔጣዋን እንደደፋች ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ ብሎም ለራሱ ማለ።

"ትልቅ፣ ምቹና የተከበረች መኪና ነው የምፈልገው" አላት ቨርዲን። "አዲሷን አልችልም፤ ያገለገለችውን አሳዪኝ።"

ቨርዲ መጀመሪያ ያሳየችው ነጭ ነበረች፤ ጣሪያዋ መስታወት ሆኖ የሚከፈት። ሮስኮ ካርቶኑን ከፈተ፣ ባርኔጣውን አውጥቶ በገዛ ራሱ ላይ ደፋና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ላባው የመስታወቱን ዙሪያ ነክቶ ጎበጠ።

"ቆይ፣ እናትህ ቁመቷ እንዳንተ ነው?" አለች ቨርዲ ሳቋን እየዋጠች።

"ስንቆም አይደለም። ስንቀመጥ ግን እኩል ነን፤ ከወገብ በላይ እሷን ነው የወጣሁት።"

ጎማ ሲቀይሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጡ። "ሮስኮ፣ ወይን ጠጅ ያምርብሃል! ጉትቻ ጨምርበት!" አለ አንደኛው።

"ሥራህን ሥራ" አለው ሮስኮ፣ ላባውን በጣቱ እያቃና።

ሁለተኛዋ ግራጫ ነበረች፤ ጣሪያዋ ደህና ሆኖ መግቢያዋ ከፍ አለበት። የኦዜላ ጉልበት ያንን አይወጣም። ሦስተኛዋ ግቢው ጥግ ላይ ቆማለች፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ቤት የምታህል። በሯን ሲከፍት ከሥሯ መርገጫ ደረጃ በራሷ ጊዜ ወጥታ ዝቅ አለችለት። ሮስኮ "አቤት!" አለ። ወጥቶ ቆዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ራሱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ በስብከት መሃል እንደሚደረገው "አሜን" እያለ ነቀነቀ። ላባው ምንም አልነካም።

"አሜን ሲባል አልነካም። ሃሌ ሉያ ሲባልስ?" አለች ቨርዲ።

ሮስኮ ወንበሩ ላይ እየዘለለ ሃሌ ሉያ አለ። ያኔም አልነካም። ጎማ ቀያሪዎቹ እንኳ አጨበጨቡለት።

ከዚያ በኋላ ባርኔጣውን ወደ ካርቶኑ መልሶ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ፣ ሥሯ ገብቶ ዝገት ፈለገ፣ መንገድ ላይ አውጥቶ ነዳት። የመኪናዋ የቀድሞ ባለቤት የጥርስ ሐኪም ነበር አለችው ቨርዲ፤ በአዲስ መኪና ቀይሮ ነው የተዋት። ዋጋው ላይ ሲነታረኩ ቆይተው ተስማሙ።

"ቀለሙስ?" አለችው ቁልፉን ስትሰጠው።

"ጥቁር ማን ይጠላል!" አላት ሮስኮ።

ቅዳሜን ሙሉ ሲያጥባትና ሲወለውላት ዋለ። የፋሲካ እሑድ ጧት እናቱ ደጃፍ ላይ አቆማትና በኩራት በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ባርኔጣሽ የሚገባበት መኪና አግኝቻለሁ ብሎ ነግሯት ስለነበር ኦዜላ የፋሲካ ልብሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ ወጣች። መኪናዋን ስታይ እግሯ ቀጥ አለ። እጇን ሰደደችና የበረንዳውን ቋሚ ያዘች።

ሮስኮ ደስታ የያዛት መሰለው፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

"ጥቁር ነው" አለች።

"ፊትሽን ታዪበታለሽ እኮ እማ!"

"አዎ። ያብረቀርቃል።"

መርገጫዋ ወረደችላት፤ ልጇን ተደግፋ ወጣች፤ ባርኔጣው ሳይነካ ገባ።

"አየሽ? እንዲያውም ይተርፋል!"

"አየሁ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። መንገድ ላይ ዕቃዋን ያነሳላትን የማታውቀውን ሰው የምታመሰግን ነበር የምትመስለው። ሮስኮ ቅር አለው፤ ግን ስትደርስ ትፈታለች ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

እንደ ልማዱ ቀስ አድርጎ ነዳ። የመኪናዋ መብራት በራሱ ጊዜ በርቷል፤ መስታወቶቿ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ውስጧ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ኦዜላ ቦርሳዋን ጨምድዳ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። አፈሩ ቀይ ከሆነው የለውዝ እርሻ ጋ ሲደርሱ ከፊት ይመጣ የነበረ አንድ አሮጌ ፒካፕ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ሣሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ ገበሬ ነው፤ ወረደና ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ አንገቱን ደፋ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?" አለ ሮስኮ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ ሁለት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው፣ ሳይቀድሙት፣ በዝግታ ይከተሉታል።

ያኔ ነው የገባው። እዚያ አገር የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ሟቹን ያወቀውም ያላወቀውም ከመንገድ ወርዶ ይቆማል። ከአስከሬኑ ቀጥሎ የሟቹን ቤተሰብ የሚይዘው መኪና ደግሞ ትልቅ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። አባቱን የሸኙ ዕለት እናቱ የተቀመጠችው እንዲህ ባለው ውስጥ ነበር። ውስጡን በባርኔጣ ሲለካ የዋለ ሰው ከውጭ ምን እንደምትመስል አንዴ እንኳ አላሰበም። ሮስኮ አፈረ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ማልቀስ አማረው።

"ሮስኮ" አለች እናቱ።

"አቤት እማ።"

"ማንን ልንቀብር ነው የምንሄደው?"

መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። የሚከተሉትም አብረው ቆሙ።

"አላሰብኩም እማ። ይቅር በይኝ። ባርኔጣሽ እንዲገባ ብዬ..."

"ባርኔጣው ሰበብ ነው" አለች፣ ሳታየው። "አባትህን ይዘን ስንሄድ ሰው ሁሉ እንዲህ ቆመ። እኔ በመስኮት እያየሁ ለማን ነው የሚቆሙት እል ነበር። እውነቴን ነው፤ አልገባኝም። የገባኝ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። እዚያ በር ላይ ስደርስ ለዊላርድ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን ፈራሁት። አንተም ፈራች እንዳትለኝ ባርኔጣ አልኩህ።"

የሮስኮ እናት ፈርታ አታውቅም። በቀብሩ ዕለት እንኳ ዓይኗ አልረጠበም፤ ሰው ሁሉ ጥንካሬዋን ሲያደንቅ ነበር፤ እሱም አብሮ አደነቀ። ብቻዋን መሆኗን ሳያይ ስድስት ወር ስለ ጣሪያ ሲያስብ ኖረ።

"ልመልስሽ?" አላት።

ሳትመልስለት በእሷ በኩል መስታወቱ ተንኳኳ። ገበሬው ነው፤ ቆቡ አሁንም በእጁ ነው። ሮስኮ መስታወቱን አወረደለት።

"እማማ፣ ደህና ነዎት? ስትቆሙ አይቼ ነው፤ ሙቀቱ ከብዶዎት ከሆነ መኪናዬ ውስጥ ውሃ አለ" አለ። ከዚያ ባርኔጣዋን፣ ልብሷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

ሮስኮ ማንም አልሞተም ሊል አፉን ሲከፍት እናቱ ክንዱን ያዘችው።

"አሜን" አለች። "አመሰግናለሁ ልጄ። ባለቤቴ ነው።"

"ብዙ ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ?"

"ሃምሳ ስምንት ዓመት።"

"ብዙ ነው።"

"ብዙ ነው" አለች ኦዜላ። "ግን አልበቃኝም።"

ይህን ስትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ገበሬው አልሸሸም፣ ዝም በይም አላላትም፤ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት። ሮስኮም እናቱ ስታለቅስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እጇን ያዘ።

ገበሬው ቆይቶ መንገዱን ወደ ፊት አማተረና ግራ ተጋባ። "ይቅርታ እማማ፤ አስከሬኑን የያዘው መኪና ጥሏችሁ ሳይሄድ አይቀርም። ከፊታችሁ ምንም አላየሁም።"

"ጥሎን ሄዷል" አለች ኦዜላ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ስድስት ወር ቀድሞናል።"

ሰውየው እሷን አየ፣ ሮስኮን አየ። ኦዜላ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ያ አገር ምድሩ የሚያውቀው፣ ጥቅምት ላይ የጠፋው ሳቋ። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሮስኮ ሳቀ፤ ገበሬው በምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ሳቀ።

"በል ቆብህን ድፋ፣ ፀሐይ ነው" አለችው። "ከኋላ የቆሙትንም ሂዱ በልልኝ። ፋሲካ ነው፤ ዛሬ ማንም አይቀበርም። አንተን ግን እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ያኔ የቆሙትን አንዳቸውንም አላመሰገንኩም ነበር።"

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ሮስኮ ቁልፉን ይዞ ጠበቃት፤ ወደ ኋላ ልዙር ወይስ ወደ ፊት ብሎ መጠየቅ ፈራ።

"መስኮቶቹን ሁሉ ክፈት" አለችው።

"ሁሉንም? ባርኔጣሽስ? ነፋሱ..."

"ክፈት አልኩህ! በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጠኸኝ ደግሞ ነፋስ ትላለህ? ደግሞ እንደ ሕያው ሰው ንዳ፤ ረፍዶብናል።" ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ጌታዬ፣ ተቆጣች!" አለ ሮስኮ በልቡ፤ በቁጣዋ እንዲህ የተደሰተ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የአውቶቡስ ሹፌርነቱን ረስቶ ነዳ። የለውዙ እርሻ ሽታ በአራቱም መስኮት ገባ፤ ነጭ ፀጉሯ ተበታተነ፤ ሆድህ መሪውን ሊነካ ነው እያለች እስኪደርሱ ድረስ ስትነተርከው ሄደች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሱ። ሮስኮ ዞሮ በሩን ከፈተላት፤ ደግፎ አወረዳት። ኦዜላ ባርኔጣዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ የቤተ ክርስቲያኑን በር አየች። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል።

"አንተ ድፋልኝ" አለችው ባርኔጣውን እየሰጠችው።

ሮስኮ ደፋላት። ትልልቅ ጣቶቹ ለዚህ አልተፈጠሩምና ወደ ግራ ተንጋደደ፤ ላባው ጆሮዋ ላይ ወደቀ። ሊያቃናው እጁን ሲሰድ ኦዜላ እጁን በአየር ላይ ያዘችው፣ ወደ ራሷ ሳበችውና በሁለት እጇ ጨበጠችው። አልለቀቀችውም።

"ተወው" አለችው። "እንግባ።"

ባርኔጣዋ እንደተንጋደደ፣ የልጇን እጅ እንደጨበጠች በሩን አለፈች።