አክሮባት ማለት

አቶ አድማሱ እስክሪብቶውን ሳይፈርሙበት መዝገቡ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

"የማላውቀውን ነገር አልመሰክርም" አሉ።

ልጃቸው ሶሲና የቀበሌውን የግድግዳ ሰዓት አየች። አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። የሸደር ስደተኞች ጣቢያ ልጆችን ሰርከስ እንድታሠለጥን የቀጠራት ድርጅት መኪና አምስት ሰዓት ላይ ከጅግጅጋ ይነሳል። ያለ ቀበሌ ደብዳቤ አይጭኗትም፤ ቦታዋ ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ደብዳቤው የሚታተመው ደግሞ አባወራው የልጁን ሙያ በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ ጽፎ ሲፈርም ነው።

አቶ አድማሱ ለጎረቤትም ለደንበኛም "ስፖርት ታስተምራለች" ማለት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ትርኢቷን አንድም ቀን አላዩም። ዛሬም ከቶጎጫሌ የመጣላቸውን ምንጣፍ ሳያራግፉ ከሱቅ ጎትታ ስታመጣቸው ፊርማ ብቻ መስሏቸው ነበር።

"ምን ብለህ ጻፍ ነው የምትዪኝ?"

"አክሮባት።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

ጸሐፊው ዐብዲኑር በሶማልኛ አጎቴ እያላቸው ስልኩን አወጣ። "ቆይ አዴር፣ ላንብብልዎት። የግሪክ ቃል ነው ይላል። 'ጫፍ' እና 'መሄድ' ከሚሉ ቃላት የመጣ። በእግሩ ጣት የሚሄድ፣ ወይም ከፍታ ላይ የሚራመድ።"

"በእግሯ ጣት ትሄዳለች?" ብለው ጠየቁት፣ ልጃቸው አጠገባቸው እንዳልቆመች ሁሉ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? የእርስዎ ልጅ ናት።"

"አልሄድም" አለች ሶሲና።

"ከፍታ ላይስ?"

"ሦስት ሆነን ስንደራረብ ላይ የምትወጣው ፊርደውስ ናት። መሀል ኢልሀም አለች። እኔ ከሥር ነኝ።"

"ከሥር ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እቆማለሁ።"

ዐብዲኑር ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ አድማሱ ይብሱን ግራ ገባቸው።

"እንግዲህ እንደ ግሪኮቹ ከሆነ አክሮባቷ ፊርደውስ፣ ያቺ የጎረቤታችን የፋሩቅ ልጅ ናት። አንቺ አይደለሽም።"

"ነኝ አባዬ። ከሥር ያለ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ በትከሻው ነው የሚያውቀው። እኔ 'ውጪ' ሳልል ማንም አይወጣም። እኔ ከተነቃነቅኩ ሁለቱም ይወድቃሉ።"

አምና ሻርፗ ሸርተት ሲል ትከሻዋ ላይ ያዩት በለዝ ትዝ አላቸው። ሰው መትቷት እንደሆነ ጠርጥረው ነበር። መጠየቁን ፈርተው ሳምንት ሙሉ ከቤት በወጣች ቁጥር በዓይናቸው ሲሸኟት ከረሙ።

"ያ ትከሻሽ ላይ የነበረው..."

"የኢልሀም ተረከዝ ነው።"

ዓይናቸውን ወደ ትከሻዋ መለሱ።

"አዴር፣ 'መምህር' ብለው ይጻፉና ይገላገሉ" አለ ዐብዲኑር። "ማንም አይጠይቅም። ደብዳቤውን አሁኑኑ አትምላታለሁ።"

ሶሲና ሰዓቱን ደግማ አየች። መኪናውን ስታስብ ለመስማማት ቸኩላ ነበር።

መምህር የሚለውን አቶ አድማሱ ያውቁታል፤ አንደበታቸው ለምዶታል። ይኼኛው ግን እስካሁንም አልገባቸውም። የምትወጣው ሌላ፣ የምትቆመው ሌላ፣ ስማቸው አንድ። እስክሪብቶውን አነሱ።

"እስቲ ቀስ ብለሽ በዪው" አሏት።

"አክ... ሮ... ባት።"

ጻፉት። ከሥሩም "ሁለት ሰው ትሸከማለች" ብለው ጨመሩ።

"ይሄኛው አልተጠየቀም" አለ ዐብዲኑር።

"አውቃለሁ" አሉና ፈረሙ።