እሸቴ ዋጃ

ቆቦ ውስጥ «እሸቴ» ብላችሁ ብትጠይቁ አምስት እሸቴ ያሳዩአችኋል። «እሸቴ ዋጃ» ካላችሁ ግን የትኛውም ባለባጃጅ ያለ ጥያቄ ብየዳ ቤቴ በር ላይ ያወርዳችኋል። ጎረቤታችን ዋጃ ከተማ አልተወለድኩም፤ እዚያ ዘመድም የለኝም። ስሙን ያገኘሁት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የቆቦ ኮሌጅ ተማሪና የኳስ ቡድኑ የግራ ክንፍ ተጫዋች ሳለሁ፣ ዋጃ ሜዳ ላይ ባገባኋት አንዲት ጎል ነው። አንድ ለዜሮ አሸንፈን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ኮሌጃችን፣ ጦርነቱ ያቋረጣቸው ዓመታት ሳይቆጠሩ፣ ሰባት ጊዜ ዋጃ ሄዶ ሰባት ጊዜ ተሸንፎ መጥቷል። አንድ ጎል እንኳ ያገባ የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሰባቱንም ጊዜ ደስ ብሎኛል።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በየሽንፈቱ ከሰው ሁሉ በላይ የሚያዝነው እኔ ነበርኩ፤ «ኧረ ምን ነካን!» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ለተጫዋቾቹ ለስላሳ እጋብዛለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በማግስቱ ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ «ዋጃ ብየዳ» የሚለውን ጽሑፍ ቀና ብዬ አየውና፣ ሌላ አንድ ዓመት የተጨመረልኝ ያህል ይሰማኛል።

ዘንድሮ ግን ሙንተሲር መጣብኝ። ከጎብዬ በታች ካለ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይማራል። እንደ እኔው በግራ እግሩ ይመታል፣ እንደ እኔው በግራ ክንፍ ይጫወታል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው «እሸቴን ይመስላል» ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ወር ሳይሞላ «ከእሸቴም ሳይሻል አይቀርም» አሉ። ቀጥለው «ከእሸቴ ይሻላል» አሉ። በመጨረሻ እሸቴን ማንሳቱንም ተዉት። ይባስ ብለው አምበል አደረጉት። ባለጌ ልጅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን ጎንበስ ብሎ «አያ እሸቴ፣ እንዴት ዋልክ?» ይለኛል። እሱም ያናድደኛል።

ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ እሁድ ዋጃ ልንሄድ፣ ዓርብ ከሰዓት ቶይባ ሻይ ቤት ተሰብስበናል። ቶይባ ኮሌጁ በር ፊት ለፊት ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች፤ ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ሻዩን ያለ ስኳር የምታቀርብ ደጋፊ ናት። እንደ ልማዱ ክርክሩን የጀመረው ባለባጃጁ ሙህዲን ነው።

«ወላሂ ዘንድሮ ሦስት እናገባባቸዋለን!»

«አምናም ሦስት ብለህ ነበር» አሉት ጋሽ ፈንታው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኮሌጁ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በቃላቸው ያውቁታል። «ሦስት ገብቶብን መጣን።»

«አምና ሙንተሲር አልነበረማ ጋሼ!»

«ሙንተሲር እግር እንጂ ሜዳ አይቀይርም። ያ ሜዳ አንዳች ነገር አለው። ከእረፍት በፊት እንደ ሰው እንጫወታለን፤ ከእረፍት በኋላ እግራችን ይታሰራል። ሰባቱንም ጊዜ ጎል የገባብን ከእረፍት በኋላ ነው።»

«እናንተ ደግሞ ሜዳ ሜዳ ትላላችሁ!» አለች ቶይባ። «ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ እየሄዱ ነው። ዘንድሮ እኔ ራሴ ነኝ የማበላቸው።»

እኔ ሻዬን አማስላለሁ። እግራችንን የሚያስረው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዋጃ ሜዳ አንደኛው ጎል በተራራው በኩል ነው፣ ሌላው በአስፋልቱ በኩል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ሲጀመር ቅጠል አይነቃነቅም። አሥር ሰዓት ላይ፣ ልክ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር፣ ከተራራው ነፋስ ይነሳል። ያኔ ተራራውን ከጀርባው ያደረገ ቡድን ይጫወታል፣ ሌላው አቧራ ይቅማል። የዋጃ ልጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እኔም ያወቅኩት በዚያችው ጎሌ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጎሌ ጎል አልነበረችም። ለአጥቂያችን ያሻማኋት ኳስ ነበረች፤ ነፋሱ ከበረኛው ራስ በላይ ወስዶ መረብ ውስጥ ከተታት። ለጎሉ ዘፈኑልኝ፣ ስም አወጡልኝ፤ እኔም የነፋሱን ነገር ለአንድም አምበል ሳልናገር አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

«እሸቴ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ ሙህዲን።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አልኩ። «ግን ቀጭን ነው። ዋጃ ሥጋ ይጠይቃል።»

ቶይባ ሳቀች። «አንተ ያኔ ምን ሥጋ ነበረህ? ቁምጣህ በሲባጎ አልነበር የሚታሰረው?»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ሙህዲን ጨመረበት፦ «እሁድ ካገባ በቃ፣ ሙንተሲር ዋጃ ብለን እንጠራዋለን! በሚመጣው ዓመት የሚመርቀውም እሱ ይሆናል፤ አንተም ትንሽ ታርፋለህ።»

የምርቃቱ ነገር እንዲህ ነው። ቡድናችን ከሜዳው ውጭ ሊጫወት ሲነሳ፣ በሚሄድበት ሜዳ ላይ ጎል ያገባ ሰው ቆሞ ይመርቃል፣ ሌላው አሚን ይላል። የዋጃው መራቂ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ያገባ የለማ።

ጋሽ ፈንታው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። «ሰባት ጊዜ መረቅከን፣ ሰባት ጊዜ ተሸነፍን። ምርቃት ከአንጀት ካልወጣ ይገለበጣል ይላሉ አባቶች።»

«ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«እንዲያው ይላሉ ነው ያልኩህ።»

ደሜ ፈላ፤ የተቆጣሁትም እውነት ስለተናገሩ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ የመስኮት ፍርግርግ እየበየድኩ ሳለ ሙንተሲር መጣ። ከገጠር ያመጣውን አንድ እስር ጥንቅሽ በሩ ላይ አስደግፎ እስክጨርስ ቆመ። መነጽሬን ሳወልቅ ፈራ ተባ እያለ፦

«አያ እሸቴ፣ እናቴ ቅመስ ብላሃለች። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። ዋጃ ሜዳ ተጫውቼ አላውቅም። ዕጣው ከወጣልን በየት በኩል ብንጀምር ይሻላል?»

ከሰባቱ አምበሎች አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም። ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም፤ እስከዚያ ቀን ዝም ነበር ያልኩት። ጥንቅሹን አየሁ፣ ከዚያ ከልጁ ራስ በላይ የራሴን ስም በሩ ላይ አየሁ። በልቤ «ሙንተሲር ዋጃ» ብዬ ጠራሁት።

«ጀርባችሁን ለተራራው ሰጥታችሁ ጀምሩ» አልኩት።

ትንሽ አሰብ አደረገ። «ለተራራው?»

«ለተራራው አልኩህ እኮ!»

«እሺ አያ። አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ጥንቅሹን አልቀመስኩትም፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

እሁድ ልጆቹ ሚኒባሱ አጠገብ ተሰለፉ፣ እኔም መዳፌን ዘርግቼ መረቅኩ። «ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ! እግራችሁን እንቅፋት አይንካው! ድል ይዛችሁ ግቡ!» «አሚን!» ይላል ሰዉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ጋሽ ፈንታው አሚን አላሉም። አፌን ብቻ ነበር የሚያዩት።

ዋጃ ደርሰን ከመስመሩ ዳር ቆምን። ዳኛው ሳንቲሙን ወረወረ፤ ዕጣው ለኛ ወጣ። ሙንተሲር ተራራውን አየ፣ አስፋልቱን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጠቆመ። ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጠ። እኔ ካልኩት ተቃራኒውን! ከእረፍት በኋላ ነፋሱ የኛ ሊሆን ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። አሥር ሰዓት ሆነ፣ ጎን ተቀየረ፣ ነፋሱም አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ ተነሳ። አቧራው የዋጃ ልጆች ዓይን ውስጥ ይገባ ጀመር። ጋሽ ፈንታው ሸማቸውን ይዘው «እግራችን ተፈታ! እግራችን ተፈታ!» ይላሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሙንተሲር ኳሷን ከግራ መስመር ላይ፣ ከሩቅ አገኛት። የሚያቀብለው ሰው ነበር፣ አላቀበለም። ቀና ብሎ የዛፎቹን ጫፍ አየና ወደ ላይ መታት። በረኛው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ከነኳሷ መረቡ ላይ ወደቀ። እኔ ሳላውቅ ያደረግኩትን እሱ አውቆ አደረገው።

ሁሉም ዘለለ። እኔም ዘለልኩ፣ ዘግይቼ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሙህዲን ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ሙንተሲር ዋጃ!» እያለ ዞረ። ልጁ ከላይ ሆኖ ጮኸ፦ «አያ እሸቴ ነው የመከረኝ! በየት በኩል እንደምንጀምር እሱ ነው የነገረኝ!»

ያ ሁሉ ሰው ወደኔ ዞረ። ቶይባ «አብሽር አንተ!» እያለች ጀርባዬን ደበደበችኝ። ጋሽ ፈንታው መጥተው አንገቴን አቀፉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በክፉ ጠርጥሬህ ነበር፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንመለስ ሙንተሲር ሚኒባሱ ውስጥ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሰዉ ይዘፍናል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «እኔ ለተራራው አልነበር ያልኩህ?» አልኩት።

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«አባቴ አውድማ ላይ ማሽላውን ከገለባው ለይቶ የሚያዘራው በዚያው ነፋስ ነው፣ አያ። አሥር ሰዓት ላይ ከተራራው እንደሚነሳ ማዝሪያውን ላይዳ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።»

አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ወርቅ የደበቅኩት ምሥጢር፣ አውድማ ላይ የዋለ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ኖሯል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ በየት ልወቀው?

«ካወቅህ ለምን ጠየቅኸኝ?»

«አንተ እያለህ ሳልጠይቅ ብሄድ ነውር መሰለኝ።» ቀጠለና፦ «ተሳስተህ ነው አይደል? ከቆየ ስለሆነ?»

አዎ ብል በዚያው ያልቅ ነበር። አዎ እንድል መንገዱን ጠርጎልኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት የጋሽ ፈንታው እንባ ገና አንገቴ ላይ ስላልደረቀ ይሆናል፦ «አልተሳሳትኩም» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቆቦ እስክንገባ ድረስ እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ቶይባ ሻይ ቤት በር ላይ ስንወርድ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይጠብቀናል። ሙህዲን በሩ ላይ አቁሟት የሄደውን የባጃጁን ጥሩምባ እያስጮኸ «ሙንተሲር ዋጃ! ሙንተሲር ዋጃ!» ማለት ጀመረ፣ ሰዉም ተቀበለው። ልጁ እጁን አነሳ። አሁን ይናገርብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዋጃስ እሱ ነው» ሲል ሰማሁት። «እኔን ሙንተሲር በሉኝ፣ ይበቃኛል። በሚመጣው ዓመትም አያ እሸቴ ነው የሚመርቀን።»

ከዚያ አጠገቤ አልፎ ሲገባ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ከአንጀትህ ግን» አለኝ።

አሁንም የሱቄ በር ላይ «ዋጃ ብየዳ» ይላል። በየጠዋቱ ስከፍት ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ጎሉን አግብቶ ስሜን ነጥቆኝ ቢሄድ ኖሮ፣ በሰላም ጠልቼው እኖር ነበር።