የቡሬ ሁለተኛ ናሙና

ጂቱ የኮርማውን የዘር ፈሳሽ የያዘ ቱቦ ከሹራቧ ሥር ሸጉጣ በጎጆ ከተማ ጭቃ ላይ ሮጠች። ከኋላዋ የከብት ነጋዴው ፈዲሉ የአይሱዙ መኪናውን ሞተር አስነስቶ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት በምርመራ የወደቁት ኮርማዎች ሁለት ናቸው፤ የጎረቤት ቀበሌው ዳለቻ ተጭኗል፣ የቀረው ቡሬ ነው። ሁለቱንም "ለዘር አይሆኑም" ብላ የፈረመችው ከአምቦ የመጣችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ራሷ ጂቱ ናት።

"እህቴ፣ ሥጋ ቤቶቹ እየጠበቁኝ ነው!" አለ ፈዲሉ።

"አሥር ደቂቃ ብቻ!"

እንደገና የምትመረምረው የቡሬ ጠባቂ ኦቦ ኤጄታ አላስቆም አላስቀምጥ ስላሏት ነው። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቡሬ ያገኛት ላም ባዶዋን ቀርታ አታውቅም" ብለው ከጠዋት ጀምሮ ነዝንዘዋታል።

በገባችበት የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች፣ ከሳጥኑ አንድ የመስታወት ስላይድ አወጣች፣ ጠብታ አኖረችበትና አየች። የዘር ህዋሶቹ እንደ ባለፈው ድርቅ ብለዋል።

"ያው ነው፣ ኦቦ ኤጄታ።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ስላይዱን ልታነሳ ስትል ቅዝቃዜው ጣቷን አስደነገጠው። የጎጆ ብርድ ያደረበት መስታወት በረዶ ሆኗል! አምቦ ውስጥ ስላይድ የሚያሞቀው ማሽኑ ነው፤ በሱ ተማምና ሠርታ ሠርታ፣ መስታወቱ መሞቅ እንዳለበት ጭራሽ ረስታዋለች። የዘር ህዋስ ደግሞ ብርድ አይችልም፤ የነካው መስታወት ከቀዘቀዘ እዚያው መንቀሳቀስ ያቆማል።

"ወይኔ ጉዴ!" አዲስ ስላይድ ብብቷ ውስጥ ከተተች።

"ምን ሆንሽ?"

"ይጠብቁኝ፣ ይጠብቁኝ!"

መስታወቱ ሲሞቅ ከሹራቧ ሥር ካለው ቱቦ ሌላ ጠብታ አኖረችበት። ዓይኗን ከማስጠጋቷ ጮኸች። ጠብታው እንደተጣደ ሽሮ ይንተከተካል።

"በሕይወት አሉ! ኦቦ ኤጄታ፣ ይምጡ ይዩ!"

ኦቦ ኤጄታ መጀመሪያ ማየት ያለባቸውን ዓይን ጨፈኑ፣ ከዚያ አስተካከሉ። "ያ ዋቀ፣ አምላኬ! ይሄ ሁሉ የቡሬ ነው?" አሉና እንደ ልጅ እየሳቁ ቡሬን ሊፈቱ ወደ ደጅ ሮጡ። ጂቱም ከደስታዋ ብዛት እያነባች ተከተለቻቸው።

"በቃ፣ እኔም በአንዱ ኮርማ ልሂድ" አለ ፈዲሉ፣ የመኪናውን በር እየከፈተ።

ዳለቻ ከመኪናው ላይ ቁልቁል ያያታል። እሱንም ባለፈው ሳምንት የመረመረችው ቡሬን በመረመረችበት ቀን፣ ከዚያው ሳጥን በወጣ ቀዝቃዛ ስላይድ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል፣ ፊርማዋም ስሟም ሳይነካ አምቦ ትገባለች።

ሌላ ስላይድ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ከአይሱዙው ፊት ቆመች።

"ወንድሜ፣ ሞተሩን አጥፋው። ዳለቻንም አውርደው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"